ደጊቱ ማይክ ስትይዝ

ናቲ ሲደውል ከሰላምታ በፊት ይሳደባል፤ የጓደኝነት ስድብ ነው፣ ለምጄዋለሁ። ያን ቀን ግን ስሜን ብቻ ጠራ። ባጃጁን የሆነ ቦታ ዳር አስይዞ እንደቆመ ከኋላው ከሚያልፉት መኪኖች ድምፅ ገብቶኛል።

«ሰላም» ብሎ ስሜን ደገመው፤ «ምርትነሽ አረፈች። አባቷ አሁን ደወሉልኝ። ቀብሩ ነገ ነው፣ እዚያው ጨንቻ።»

ሁለታችንም ማይክ ይዘን ያደግን ሰዎች ነን፣ አፍ አያጥረንም። ያን ቀን ግን ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ እሱ ዘጋው።

አርባ ምንጭ ውስጥ ምርትነሽ ብትሉ የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው። ደጊቱ ካላችሁ ግን የእኛ ዕድሜ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ስሙን ያወጣላት ከደጋ መምጣቷን ይዞ ሊሰድባት የፈለገ ሰው ነው፤ «ይቺ ደጊቱ ደግሞ ምን ልትል መጣች?» ብሎ። በሌላ ቀን «በምን ስም ልጥራሽ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ደጊቱ በዪኝ፤ ሰው አንዴ ለምዶታል» አለችኝ። አልተቀየመችም። የተወረወረባትን አንስታ መልበስ ታውቅበት ነበር።

ስሟን የምጠራው እኔ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ በላይኛው የከተማው ሰፈር፣ ሴቻ፣ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የራፕ ባትል እናካሂድ ነበር። ባትል ማለት ሁለት ሰዎች መድረክ ላይ ፊት ለፊት ቆመው፣ ያለ ሙዚቃ፣ ቤት በሚመታ ግጥም ተራ በተራ መሰዳደብ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል። ማን እንዳሸነፈ ተመልካቹ በጩኸቱ ይወስናል። እኔ መድረክ መሪ ነበርኩ፤ ስም እጠራለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ፣ ሰው ሲንጫጫ ዝም አሰኛለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሙቀቱ ከላይ ይጫነናል። ማይኩም ገመዱን ጠምዘዝ አድርገው ካልያዙት አይሠራም ነበር።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ከሁሉ በፊት ያየሁት ሻርፗን ነው። በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ። የአፕል አገር ከሆነችው ከጨንቻ በላይ ካለ የደጋ መንደር ነው የመጣችው። ዕጣው ከናቲ ጋር ደረሳት።

ናቲ ያኔ የአዳራሹ ንጉሥ ነበር። አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ጥቂት ዓመት ተቀምጦ ስለመጣ አማርኛው የሸገር ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚለቀው ቃል ሌላ ሰው በሦስት ትንፋሽ አይጨርሰውም። እሷ ደግሞ የጋሞ አማርኛ ነው የምትናገረው፤ እኛ የምናላላውን ታጠብቃለች፣ እኛ የምናነሳውን ትጥላለች። ማይኩን ይዛ መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ፣ ስድብ ስንጠብቅ፣ እንዲህ አለች፦

«እማዬ ና እየኝ፣ ቆላ ወርጃለሁ፤
ሙቀቱን ለምጄ ሰውን እፈራለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በግጥሙ አልነበረም የሳቁት፣ በ«ና» ነው። ናቲ ተራው ሲደርስ ያዘጋጀውን ሁሉ ትቶ ይህችን አነሳ፦

«እማዬ ና አለች፣ ሰማችሁ ወይ ቤቱ?
ጢም አውጥታ ይሆናል ደጋ ላይ እናቲቱ።»

ሰው ወንበር ደበደበ። እኔም ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን አዞርኩ። ምርትነሽ ግን አላፈረችም፣ አልተቆጣችምም። ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ሰውን ዝም ላሰኝ ብዬ ስነሳ በእጇ «ተዪ» አለችኝ። የመጨረሻው ሳቂ ራሱ በራሱ አፍሮ ዝም ሲል ነው የቀጠለችው። የጀመረችውን ግጥም እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳትውጥ ተናገረችና ወረደች። ተሸነፈች።

ያን ዕለት ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ በባጃጅ ስወርድ አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ልጆች ከናቲ ግጥም የያዙት የጢሙን ቀልድ ብቻ ነበር። የእሷን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሉታል፤ አንዷ ስትረሳ ሌላዋ ትሞላለች። «ሰውን እፈራለሁ» ሲሉ እንደ እሷ አድርገው ያጠብቁታል። መጀመሪያ ሊያሾፉ መስሎኝ ነበር። ሲቀላ ስንደርስ ግን ማሾፉ ቀርቶ ግጥሙን ነበር የሚሉት።

በማግስቱ ምርትነሽ ፈልጋ አገኘችኝ። ቤታችን አጠገብ ካለው ጁስ ቤት ቁጭ አልን።

«አማርኛዬን አስተካክዪልኝ» አለችኝ።

«የቱን?»

«ሰው የሚስቅበትን።»

እናትና አባቴ ወደዚህ የመጡት በሥራ ምክንያት ነው፣ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። ስለዚህ አስተማሪ ሆንኩ። «ና» ለወንድ፣ «ነይ» ለሴት። «በእኛ ቋንቋ ሴትም ስንጠራ፣ ወንድም ስንጠራ ቃሉ አንድ ነው» አለችኝ፤ «እናቴን የምጠራት በዚያው ነው። አፌ ሮጦ የሚሄደው ወደዚያ ነው።» ይህን ቶሎ ያዘችው። እኔ ግን እዚያ ላይ አላቆምኩም። ማጥበቋንም፣ ማላላቷንም፣ ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ ድምፅዋን የምትጥልበትንም ማረም ጀመርኩ። እሺ እያለች ብዙ ቀን ተለማመደች። አንድ ቀን በስልኳ የቀዳችውን መልሳ ከፈተችና እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ይቺ የምትናገረው ሴትዮ ማናት?» አለች።

«አንቺ ነሻ።»

«አይደለሁም። ሰላም፣ ስህተቴን አርሚልኝ፤ ድምፄን ግን ተዪልኝ። እናቴ ከሩቅ ብትሰማኝ እኔ መሆኔን ማወቅ አለባት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ተማሪዋ እኔ ሆንኩ። ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በማይክ ነው።

እሷ የተማረችው ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቷ ወንጌላዊ ማሴቦ በደጋው መንደሮች እየዞሩ የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ከከተማ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ በአማርኛ ይሰብካል፣ ከጎኑ የሚቆም ሰው ደግሞ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተቀበለ ወደ ጋሞኛ ይመልሰዋል። አባቷ አንድ ጊዜ ድምፃቸው ሲዘጋ እሷን አቆሟት፤ ገና ተማሪ ሳለች። ከዚያ በኋላ ሥራው የእሷ ሆነ።

«ሰባኪው ሳይጨርስ ብትጀምሪ ሁለታችሁንም ሰው አይሰማችሁም» ትለኝ ነበር። «እሱ ሲጮህ አብረሽ አትጩሂ። እሱ ሲያለቅስ አብረሽ አታልቅሺ። አንቺ የቆምሽው አማርኛ የማትሰማዋ ሴትዮ፣ እዚያ በር አጠገብ የተቀመጠችው፣ ቃሉ እንዲደርሳት ነው።»

ሁለቱ ሐይቆች ከሚታዩበት ከሴቻ ጠርዝ ላይ ወስዳ ታለማምደኝ ነበር። እሷ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ ነፋሱ ይነፍሳል፣ እኔ አንድ ስንኝ እላለሁ። ካልሰማችኝ እጇን ታወዛውዛለች። ስጮህ ደግሞ ተመልሳ ትመጣለች። «አትጩሂ፣ አድርሺ» ትለኛለች። «የቃል መጨረሻ በር ነው። ክፍቱን ትተሽው ወደ ሚቀጥለው አትሩጪ።» እውነትም ጆሮ ብሰጥ፣ እኔም ናቲም የቃሎቻችንን ጫፍ እየበላን ነበር የምንሮጠው። እሷ የመጨረሻዋን ፊደል ሳትዘጋ ወደ ሌላ ቃል አትሄድም። ሰው ዘገምተኛ ናት ይላት ነበር፤ እኔም ለምን እንደምትዘገይ የገባኝ ያኔ ነው።

አንዳንዴ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥራትና ቁጭ ትላለች። ዳገት የለመደ ሰው ሜዳ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ገርሞኛል፤ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ሐዋሳ ለሚደረገው ውድድር ከተማችንን የሚወክል ሰው የሚመረጥበት ቅዳሜ መጣ። ለመጨረሻ የቀሩት እሷና ናቲ ነበሩ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይ ቆሜ ሰው ሳስገባ፣ ኮት የለበሱ፣ ጃንጥላ የያዙ አንድ አባት ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ና እስቲ» አሉኝ። «ምርትነሽ የሚናገረው እዚህ ነው?»

ማን እንደሆኑ ወዲያው ገባኝ። ደነገጥኩ። ወንጌላዊ ሰው፣ ሲሰዳደቡ ወደሚውሉበት አዳራሽ። ከፊት ወንበር ልስጥዎት ብላቸው እምቢ አሉ፤ «ከኋላ ይሻላል» ብለው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ምርትነሽን መድረክ ጀርባ አገኘኋትና አባትሽ መጥተዋል አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። «ሌላ ጉዳይ ስላለን ነው የወረደው። ይህንንም እይ ብዬዋለሁ።» ጉዳዩ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

በመጀመሪያው ዙር እዳዋን መለሰች፦

«እማዬን ና ያልኩት ምላሴ ስቶ አይደለም፤
ዶማ ይዛ ስትወጣ የሚቀድማት ወንድ የለም።
ሴትና ወንድ ለዪ ካልከኝ እሺ እለያለሁ፤
አፍ ብቻ የሆነውን ግን ምን ብዬ እጠራለሁ?»

ከደጋ የወረዱት ተማሪዎች ተነሥተው ቆሙ። ናቲ ግን ናቲ ነው። ጩኸቱ ሳይበርድ ወደ እሷ ቀረበና ጣቱን ወደ ሻርፗ ቀሰረ፦

«አፕል ጠፋ አሉ ዘንድሮ ከጨንቻ፤
አንድ ፍሬ ቀርቷል፣ አንገቷ ላይ ብቻ።»

ያኔ ነው ሁላችንም ያየነው። ሻርፑ ከፍ ዝቅ ሲል አንገቷ ላይ ያለው እብጠት ይታያል። እንቅርት ነው፤ ደጋ ላይ ብዙ ሰው አለበት፣ ማንም አይደነግጥም። የእሷ ግን ትልቅ ነበር። ሰው መሳቅም አለመሳቅም አቃተው፤ በመጨረሻ ሳቀ። ወደ በሩ አየሁ። አባቷ አንገታቸውን ደፍተው የጃንጥላቸውን እጀታ በእጃቸው እያሹ ነበር።

ምርትነሽ እንደ ልማዷ ጠበቀች። ከዚያ ሻርፗን በቀስታ ፈታችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። አንገቷ ለሁሉም ታየ።

«አንገቴ ላይ ያለው አፕል ነው፣ አልዋሽም፤
አንተ አዳም ነህና ሳትነክስ አታልፍም።»

ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው ሰው በሩ አጠገብ ነበር። ወንጌላዊ ማሴቦ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። አዳራሹ እሳቸውን ተከተለ። እሷ ግን አልጨረሰችም፤ እጇን አንሥታ ዝምታ ጠየቀች፦

«ሰኞ በቢላዋ ሐኪም ይቆርጠዋል፤
ያንተን ባዶ አፍ ግን የቱ ሐኪም ይሞላዋል?»

ጩኸት የተነሣው ዘግይቶ ነው። ግጥም ይሁን እውነት ማንም አላወቀም። እኔ ያወቅኩት የአባቷን ፊት ሳይ ነው፤ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፍቷል።

አሸነፈች። ከሕዝቡ አምልጠን ከአዳራሹ ጀርባ ስንወጣ ናቲ ተከተለን።

«የሰኞው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ናቲ መሬት መሬት ያይ ጀመር። «ምርቴ፣ አላወቅኩም ነበር። ባውቅ ኖሮ...»

«ብታውቅ ኖሮ ያን ግጥም አናገኘውም ነበር» አለችው። «ጥሩ ግጥም ነው። የመጨረሻዋን ቃል ግን በላሃት። ‹ብቻ›ን ዝጋት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሁሉንም ነገረችኝ። እብጠቱ ወደ ውስጥ አድጎ የአየር መንገዷን ይጫናል። ሐኪሙ የሐዋሳው ውድድር እስኪደርስ አትቆዪ ብሏታል። ደግሞ የድምፅ ጅማት ከዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ድምፅሽ ሊለወጥ ይችላል ብሎ አስቀድሞ ነግሯታል።

«ለጥቂት ሳምንት ብታዘገዪውስ?» አልኳት። ሐዋሳን አስቤ ነው።

«አባቴን ጠይቄው ነበር። ‹ያለ ድምፅሽ እለምዳለሁ፣ ያለ አንቺ አልለምድም› አለኝ። እሱ ብዙ ሲያወራ አይደለም የምሰማው፣ እንዲህ ሲያሳጥር ነው።»

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ያደረሳት ናቲ ነው፣ በባጃጁ። ከዚያ ሄዶ አንድ ሙሉ ዘለላ ሙዝ ይዞ ተመለሰና ክፍሉ በር ላይ ቆመ፤ ለመግባትም ለመሄድም እንደከበደው አባቷ እጁን ይዘው አስገቡት። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆኖ አለቀ። ትንፋሿ ተከፈተ፣ ቀለሟ ተመለሰ። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን የሚመስል ነገር ቀረላት። ይስተካከል ይሆናል ተብሎ ተጠበቀ፣ ተጠበቀ፣ አልሆነም።

ስታለቅስ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ገበያ ውስጥ የምታውቃትን ሴት ከሩቅ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ሴትየዋ ሳትሰማ አልፋት ሄደች። ምርትነሽ ቲማቲም ከምትሸጥ ሴት አጠገብ እንደቆመች እንባዋ ወረደ። እኔ ሮጬ ልጠራላት ስል ክንዴን ያዘችኝ።

የሐዋሳውን ቦታ ለናቲ ሰጠችው። እሱ እምቢ ቢል፣ «እንግዲያው በከንቱ ነው የተሰዳደብነው» አለችው። ከዚያ በየቀኑ ጁስ ቤቱ ውስጥ አስቀምጣ ታሠራው ጀመር። ድምፅ ስለሌላት ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታለች። አንድ ጊዜ ስትመታ ይጀምራል፤ ሲፈጥን መዳፏን ትዘረጋለች፤ የቃል ጫፍ ሲበላ ጁሱን ከፊቱ ታነሳበታለች። ናቲ በሕይወቱ እንደዚያ ታዝዞ አያውቅም። ሐዋሳ ሄዶ በመጀመሪያው ቀን ወደቀ። ሲመለስ ከአውቶቡሱ ላይ እየሳቀ ወረደ። «ተሸነፍኩ» አላት፤ «ግን ሰሙኝ። አንድ ቃል አልጠፋባቸውም።»

እሷ ኮሌጁን ጨርሳ ጨንቻ አካባቢ አንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆነች። ያ ድምፅ ልጆችን እንዴት ይይዛል ብዬ ሰግቼ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ጸጥ ያለው ክፍል የእሷ ነው አሉኝ፤ ልጆቹ ጸጥ ካላሉ ስለማይሰሟት ራሳቸው እርስ በርስ ዝም ይባባላሉ። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውልልኝ ነበር። ማን አሸነፈ፣ ማን ምን አለ፣ ሁሉንም ትጠይቃለች፤ ሥራ በዝቶብኝ ያላነሳሁባቸው ቅዳሜዎች አሉ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በሆነ ቁጥር ስልኬን ከአጠገቤ አላርቅም፤ ማን ሊደውል እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በሽታው ተመለሰ፣ በዚህኛው ጊዜ እንቅርት ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ታከመች፣ ተሻላት፣ እንደገና ከፋባት። በመጨረሻ ወላጆቿ ቤት ተኛች።

በዚያ ወቅት አንድ ነገር ሆነ። ከካምባ ወረዳ የመጣች ጸጋ የምትባል ልጅ አዳራሹ ውስጥ ተነሥታ «እኔ በጋሞኛ ነው የምለው» አለች። እስከዚያ ቀን ሁሉም ባትል በአማርኛ ነበር። ግማሹ ሰው ጮኸላት፣ ግማሹ አጉረመረመ። እኔ ወዲያው ለምርትነሽ ደወልኩና ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው ያዝኩላት። ጸጋ ቀጠለች፤ ጋሞኛ የሚያውቀው ሰው ይስቃል፣ የማያውቀው የሚያውቀውን አይቶ ይስቃል። መጨረሻዋ ላይ አዳራሹ ሲፈነዳ ስልኬን ብመለከት መስመሩ ተቋርጧል። ብደውል ኔትወርክ የለም።

በማግስቱ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ከበፊቱም አንሶ ነበር።

«የመጨረሻዋን አልሰማሁም» አለችኝ። «ምን ብላ ጨረሰች?»

«ምርቴ፣ እኔ ጋሞኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም እኮ። ልጅቷን በስልክ ላስደውልልሽ?»

«አፏን ሳላይ አይሆንም» አለች።

ጸጋን ፈልጌ አገኘኋትና በሚኒባስ ይዣት ወደ ጨንቻ ወጣን። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትለማመዳለች። ደጊቱ ፊት ልትቆም ነው። ስንደርስ ጭጋግ መንደሩን ሸፍኖታል። ምርትነሽ ብርድ ልብስ ለብሳ ትራስ ተደግፋለች፣ እናቷ ከራስጌዋ ተቀምጠዋል። ያን ያህል ከስታለች ብዬ አልጠበቅኩም። ጸጋ አልጋው ግርጌ ቆመች፤ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ጀምራ አቋረጠች፣ ምርትነሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ልጅቷ ግጥሙን ከመጀመሪያው ጀመረች። ምርትነሽ ዓይኗን ከጸጋ ከንፈር አላነሣችም። የመጨረሻዋ ስንኝ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መስሎኝ ተጠጋሁ። እየሳቀች ነበር፣ ያለ ድምፅ። እናቷም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቃሉ።

እጇን አንሥታ ጸጋን ጠራቻት። በጋሞኛ የሆነ ነገር ጆሮዋ ላይ አለቻት። ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና የመጨረሻዋን ስንኝ እንደገና አለችው፣ በቀስታ። ሦስቱም እንደገና ሳቁ። እኔ በመካከላቸው ቆሜ፣ አንድ ቃል ሳይገባኝ፣ አብሬያቸው ሳቅኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጸጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ልተርጉምልሽ?»

«ቆይ» አልኳት፤ ሳቃቸው ገና ጆሮዬ ላይ ነበር።

እስካሁን አልጠየቅኳትም።